ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው ብላችሁ አትነሱ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በቅየሳ ሥራ ነው። ሳይንና ኮሳይን ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አልነበሩም፣ እንጀራዬ ነበሩ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ መልሱ ወጥቶልኝ ሳለ መምህሩ ለምን ኤክስ አደረገብኝ?" አለችኝ። አየሁት። መምህሩ ልክ ነው። ግን ስህተቱ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ለእናንተም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ጥያቄው፣ ሀ አንግል ሲሆን፣ ይህን አረጋግጡ ይላል፦

(1 − ኮሳይን ሀ) / ሳይን ሀ = ሳይን ሀ / (1 + ኮሳይን ሀ)

እሷ እንዳለ ጻፈችው፣ ክሮስ መልቲፕላይ አደረገች፣ በሁለቱም በኩል ሳይን² ሀ መጣላት፣ ከዚያ "ስለዚህ ትክክል ነው" ብላ ከሥሩ አሰመረችበት። ስሌቷ ላይ ምንም ስህተት የለም። ችግሩ ያለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። አረጋግጪ የተባለችውን ነገር እውነት ነው ብላ ተቀብላ ተነሳች። በመሬት ክርክር ላይ "የእኔ ነው፣ ምክንያቱም የእኔ ነው" እንደማለት ነው።

"መጨረሻ ላይ ግን እውነት የሆነ ነገር ላይ ደረስኩ እኮ!" ትሉኛላችሁ። ከሐሰት ተነስቶም እዚያ መድረስ ይቻላል። 1 = −1 ብላችሁ ጻፉና ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አድርጉት። 1 = 1 ይወጣል። በትሪጎኖሜትሪም ያው ነው። ሳይን ሀ = √(1 − ኮሳይን² ሀ) የሚለውን ስኩዌር ብታደርጉት አምሮ ይወጣል። እስቲ 210 ዲግሪ አስገቡበት፤ ግራው −0.5፣ ቀኙ 0.5 ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? ከአንዱ ጎን ተነሱ፣ ሌላውን አትንኩት። አብዛኛውን ጊዜ ከተወሳሰበው ጎን መነሳት ይሻላል፣ እዚህ ግን ሁለቱም ያው ስለሆኑ ከግራው እንነሳ። ላዩንም ታቹንም በ(1 + ኮሳይን ሀ) አባዙት። ላይኛው 1 − ኮሳይን² ሀ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ሳይን² ሀ ነው። ታችኛው ሳይን ሀ × (1 + ኮሳይን ሀ) ነው። ከላይ አንድ ሳይን፣ ከታች አንድ ሳይን ይጣፋሉ። የተረፈው የቀኙ ጎን ነው። በቃ።

በዚያ ማባዛት እንዳለብኝ እንዴት አወቅኩ? ቀኙን ጎን አይቼ ነው፣ ማየት አልተከለከለም። ራፍ ላይ ክሮስ መልቲፕላይ ማድረግም አልተከለከለም። ራፉ ላይ ታች ስትደርሱ ግን ቆም በሉና እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመለስ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ገልብጣችሁ ጻፉት፣ ያኔ ማረጋገጫ ይሆናል። ዜሮ ባልሆነ ነገር ማባዛት ይመለሳል። ስኩዌር ማድረግ አይመለስም፣ የመቀነስ ምልክቱን ይበላዋል።

ስለ ሽምደዳ ብዙ አልልም። ሳይን² ሀ + ኮሳይን² ሀ = 1 የሚለውን ከያዛችሁ፣ በኮሳይን² ስታካፍሉት የታንጀንትና የሴካንቱ ይወጣል፣ በሳይን² ስታካፍሉት የኮታንጀንትና የኮሴካንቱ። እሱ ራሱ ከፓይታጎረስ ነው የመጣው። ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሣሉና ዙሪያው ላይ አንድ ነጥብ አድርጉ፤ ከማዕከሉ የነጥቡ አግድም ርቀት ኮሳይን፣ ቁመቱ ሳይን ነው፣ ታዩታላችሁ።

ሌላ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በካልኩሌተር አንድ አንግል ሞክሮ "ሠራ" ማለት። 45 ዲግሪ ላይ እኮ ሳይንና ኮሳይንም እኩል ናቸው! አንድ አንግል ውሸቱን ሊያጋልጥ ይችላል፣ እውነቱን ግን አያረጋግጥም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የከፍታ ልዩነት ስናወጣ በሜትር የተለካው ርቀት በተዳፋቱ ላይ ያለው ነበር። እሱ የሚባዛው በሳይን ነው። እኔ በታንጀንት አባዛሁት፣ ታንጀንት ለአግድም ርቀት መሆኑን ሳላስተውል። ዝዋይ አካባቢ ሜዳ ላይ ማንም አልነቃብኝም፣ እኔም ጭምር። በ3 ዲግሪ ተዳፋት፣ በ100 ሜትር ላይ ሳይኑ 5.234 ሜትር፣ ታንጀንቱ 5.241 ሜትር ይሰጣል። 7 ሚሊ ሜትር! ስለዚህ ልክ ነኝ ብዬ አመንኩ። ከዚያ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ስንወርድ፣ 25 ዲግሪ ላይ፣ ያው 100 ሜትር በሳይን 42.26፣ በታንጀንት 46.63 ሆነ። ከአራት ሜትር በላይ። የሁለት ቀን ሥራ እንደገና ተለካ፣ አብረውኝ የነበሩት ሠራተኞች በዚያ ሙቀት ከእኔ ጋር ተመልሰው ወረዱ። እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሦስት ማዕዘኑን ሥዬ ቀመሩ ከየት እንደመጣ ባረጋግጥ ኖሮ አሥር ደቂቃም አይፈጅብኝም ነበር።

የእህቴ ልጅ ጥያቄውን እንደገና ሠራችው፣ አሁን ከግራ ጎን ተነስታ። ስትጨርስ ዝም አለችና "ጋሼ፣ ሀ ዜሮ ሲሆንስ?" አለችኝ። አብረን አስገባንበት። ግራው 0 ሲካፈል ለ0 ሆነ፣ ትርጉም የለውም። ቀኙ ግን 0 ሲካፈል ለ2 ነው፣ 0 ይሰጣል። 180 ዲግሪ ላይ ደግሞ ሁለቱም ትርጉም የላቸውም። እስክሪብቶዋን አነሳችና ከሥራዋ አናት ላይ "ሳይን ሀ ዜሮ ካልሆነ" ብላ ጨመረችበት።