«የ» ሲደጋገም ስሕተት ነው ወይ?

ጥያቄው ከአንድ የጎንደር ተማሪ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«መምህር፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቶኪ ፖና የሚባለውን ትንሽ ቋንቋ እየተማርን ነው። ፒ የምትባል ቃል አለችው። እኔ ‹ይቺማ የእኛዋ የ ናት› አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ ግን በአማርኛ የ ከተደጋገመች ስሕተት ነው፣ ሁለተኛዋ ትሰረዛለች ብሎ ድርቅ አለ። ትምህርት ቤት እንደዚያ ተምረናል ይላል። አሻሚነት የሚቀንሰው የትኛው ነው? የ ብንደጋግም ወይስ ብናወጣ?»

አይ ልጄ፣ የቆየ ቁስል ነካህብኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማስታወቂያ «የሰፈራችን የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከመታተሙ በፊት ያየው ሰው ሁለተኛዋን የ ቆርጦ ጣላት። «የሰፈራችን ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት» ሆኖ ወጣ። በኔው ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍቱ የሰፈሩ ነው፣ የሚያነብበት ግን ማንኛውም ወጣት ነው። በሱ እርማት የሰፈራችን ወጣቶች ንብረት ሆኖ ቁጭ አለ። ከአዘዞ የመጡ ሁለት ልጆች በሩ ላይ ቆመው «ለእኛም ይፈቀዳል?» ሲሉ ሰምቼ እርር ድብን አልኩ። በአንዲት ፊደል!

ቶኪ ፖናን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ሶንያ ላንግ የምትባል ካናዳዊት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችው ቋንቋ ነው። ፊደሉ 14 ነው። ቃሉ ደግሞ 120 ገደማ ነው፣ በቃ። ስሙ ራሱ ቅልቅል ነው፤ ቶኪ ከፓፑዋ ኒው ጊኒው ቋንቋ ከቶክ ፒሲን፣ ፖና ሰው ሠራሽ ከሆነው ቋንቋ ከኤስፔራንቶው ቦና። ፒም የቶክ ፒሲኑ ቢሎንግ ተሸራርፎ የቀረው ነው፣ እሱም ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። ይሄ ለጥያቄህ አያስፈልግም። ግን የቃል ዘር ካልቆጠርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በቶኪ ፖና ገላጩ ከስሙ በኋላ ይመጣል። ቶሞ ቤት ነው፣ ቴሎ ውሃ፣ ናሳ እብድ ወይም ያልተለመደ ነገር። «ቶሞ ቴሎ ናሳ» ካልክ ናሳ የሚገልጸው ቶሞ ቴሎን ባንድ ላይ ነው፤ ግራ የሚያጋባ መታጠቢያ ቤት ይሆናል። «ቶሞ ፒ ቴሎ ናሳ» ካልክ ግን ፒ ሁለቱን የኋላ ቃላት አንድ ላይ ታስራቸዋለች። የእብድ ውሃ ቤት። ጎንደሬ ሳይተረጎምለት ይገባዋል፣ ጠላ ቤት ነው።

እስከዚህ ድረስ አንተ ልክ ነህ። የኛዋ የ ይህንኑ ታደርጋለች። «አዲስ የመምህራን ማሠልጠኛ» ስትል አዲሱ ማሠልጠኛው ነው። «የአዲስ መምህራን ማሠልጠኛ» ስትል አዲሶቹ መምህራኑ ናቸው። «የ»ን አውጥተህ «አዲስ መምህራን ማሠልጠኛ» ብለህ በር ላይ ስቀለውና አዲሱ ማን እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቅ።

የፒ ችግር ግን ቅንፍ ትከፍታለች እንጂ አትዘጋም፤ የምታስረው የት እንደሚጀምር እንጂ የት እንደሚያበቃ አትነግርህም። ሁለት ጊዜ ስትመጣ ጉድ ይፈላል። «ቶሞ ፒ ያን ላዋ ፒ ማ ሱሊ» በል። ያን ላዋ መሪ፣ ማ ሱሊ ትልቅ አገር ነው። የትልቁ አገር ማነው? መሪው ነው ወይስ ቤቱ? ቋንቋው አይነግርህም።

አማርኛ ግን ይነግርሃል፣ ያውም ጓደኛህ ሰርዝ በሚላት በዚያችው ፊደል። «የትልቅ አገር መሪ ቤት» ካልክ ትልቅ አገር የሚመራ ሰው ቤት ነው። «የትልቅ አገር የመሪ ቤት» ካልክ ሁለቱም የ ቤት ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ቤቱ የትልቅ አገር ነው፣ ደግሞም የመሪ ነው። አንዲት የ ሰንሰለት ትሠራለች፣ ሁለት የ ጎን ለጎን ይቆማሉ። «የንጉሡ ልጅ ቤት»ና «የንጉሡ የልጅነት ቤት» ብለህ ጮክ ብለህ አንብባቸው፣ ጆሮህ ራሱ ይለየዋል። በመጀመሪያው ቤቱ የልጁ ነው። በሁለተኛው ንጉሡ ራሱ ያደገበት ነው።

«የንጉሡ ልጅ ቤት» ውስጡን ብታየው ሁለት የ የሚገባው ሐረግ ነው። «የንጉሡ ልጅ» የሚለው እንዳለ እንደገና ዘርፍ፣ ማለትም የሌላ ስም ገላጭ፣ ሊሆን ነው። ግን «የየንጉሡ ልጅ ቤት» አይባልም፣ አንዷ ትዋጣለች። በ፣ ለ፣ ከ ፊቷ ሲመጡባትም ትዋጣለች፤ «በንጉሡ ልጅ ቤት» እንላለን። በዚያ ላይ የየ ሌላ ሥራ ይዟል። «የየራሳቸው» ስንል እያንዳንዱ ማለታችን ነው። በ«በየ» እና በ«እየ» ውስጥ ያለችው የ ከዚችኛዋ ጋር የአንድ እናት ልጅ ናት ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ማስረጃዬ ቀጭን ነው፣ ልቤ ግን እምቢ አለኝ።

እንግዲህ «የ ስትበዛ ጆሮ ትጎረብጣለች» የሚሉ አሉ። ተከታታይ የ ባዩ ቁጥር ቀይ እስኪብርቷቸውን ይመዛሉ። ለማማር ብለው ትርጉም ያርዳሉ። እኔን ግን አይጎረብጠኝም። «የጎንደር የድሮ የድንጋይ ቤት» ሲባል ደስ ይለኛል፣ እንደ ደረጃ ነው የሚወርደው።

ደግሞ ሕጌ ምንም ቀዳዳ የለውም እንዳልል «የጎበዝ የሰፈር ልጅ ደብተር» አለልህ። እዚህ ሁለተኛዋ የ ደብተሩ ላይ አይደለም የተንጠለጠለችው፣ ልጁ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ የ ቅጽል ላይ ስላረፈች ነው፤ «ጎበዝ» የሚገልጸውን ስም እየፈለገ ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ ሕጉ የሚሠራው የመጀመሪያዋ የ ስም ላይ ስታርፍ ነው በለው። ይህን የነገረኝ የገዛ ተማሪዬ ነው፣ አንድ ሳምንት አኮረፍኩት።

ግዕዝ በዚህ ይበልጠናል። ዘርፍ አያያዡ ለወንድ ዘ፣ ለሴት እንተ፣ ለብዙ እለ ነው። «ወልደ ንግሥት ዘመጽአ» ካልክ የመጣው ልጁ ነው፤ «ወልደ ንግሥት እንተ መጽአት» ካልክ የመጣችው ንግሥቲቱ ናት። ሦስት ትንንሽ ቃል፣ ስንት ጭቅጭቅ ያስቀራል! እርግጥ ግዕዝ ራሱ ብዙ ጊዜ ሁሉንም በዘ ይጠቀልላል።

በኛ ቋንቋም ያልተፈታ ሞልቷል። «ቤቱ» ስትል ያ የምናውቀው ቤት ነው ወይስ የእሱ ቤት? «እንድትመጣ ንገራት» ግልጽ ነው፣ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ግን አንተም ልትሆን ትችላለህ፣ እሷም። «ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የጠባብ ተቃራኒ። ደግሞ አንተ ያለኸው ጎንደር ነው፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል ይዘው «አንድም፣ አንድም» እያሉ ሲያወርዱ የኖሩበት አገር። አሻሚነት እዚያ በሽታ አልነበረም።

ለቶኪ ፖና መድኃኒቱ አዲስ ቃል መጨመር አይደለም። ቅንፍ የሚዘጋ ቃል ልጨምር ካልክ ነገ ሌላ ትጨምራለህ፣ ትንሽነቱ ያልቃል። አንድ ሐረግ ውስጥ ፒን ሁለት ጊዜ አታስገባት። ቆርጠህ ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርገው፤ መጀመሪያ የመሪው ቤት ነው በል፣ ቀጥለህ ያ መሪ የትልቅ አገር ነው በል። ይረዝማል፣ ግን አያጣላም።

ለጓደኛህ ደግሞ ይህን ንገርልኝ። ሁለት የ ስሕተት አይደለም፣ መሰረዙ ነው ስሕተቱ። ግን እውነት ለመናገር በተቋማት ስም ላይ ጦርነቱን ተሸንፌያለሁ። «የጎንደር ዩኒቨርሲቲ» የምል እኔ ብቻ ልቀር ነው፣ ሰው ሁሉ «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ» ይላል፣ ማንም ግራ ሲጋባ አላየሁም። እሺ፣ ይሁንላቸው። የቤተ መጻሕፍቱን ማስታወቂያ ግን በእጄ ጽፌ ለውጬዋለሁ፣ እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ፣ ከነሁለት የ።