የበር ካርድና ቺፕ፦ ስለ ጤና፣ ስለ ግላዊነትና ስለ አገጣጠም ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የቢሮ በር ካርዴ ባትሪ የለውም። በምን ይሠራል? ኪሴ ውስጥ እያለስ ሞገድ ይለቃል?

መልስ፦ አይለቅም። በውስጡ ያለው የቀጭን ሽቦ ጥቅልልና ጤፍ የምታህል ቺፕ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የካርድ አንባቢ (ሪደር) ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ ካርዱ ሲጠጋ ጥቅልሉ ከመስኩ ኃይል ያገኛል፣ ቺፑም ነቅቶ ቁጥሩን ይናገራል። ከሪደሩ እየራቁ ሲሄዱ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የመስኩ ጉልበት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ብዙዎቹ ካርዶች ከ3 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ካልተጠጉ የማይነበቡት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በቀን ብዙ ጊዜ በሪደር አጠገብ አልፋለሁ። ልስጋ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህስ አትስጊ። እነዚህ ሪደሮች የሚሠሩት በ125 ኪሎኸርትዝ ወይም በ13.56 ሜጋኸርትዝ ነው፤ እንደ ኤክስሬይ ዘረመልን የመስበር ጉልበት የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ ሞገዶችን ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል ከሚባሉት ምድብ 2ቢ ውስጥ ማስገባቱ ብዙ ሰው አስደንግጧል። የምደባው ዋና መነሻ ግን ሞባይልን ለዓመታት ጆሮ ላይ ይዘው በሚያወሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። ለአንድ ሰከንድ እጅ ዘርግቶ ካርድ ማስነካት ከዚያ ጋር አይነጻጸርም።

ጥያቄ፦ አባቴ የልብ ምት ማስተካከያ ተገጥሞላቸዋል። ለእሳቸውስ?

መልስ፦ ለእሳቸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ባደረጉት ሙከራ፣ በተለይ በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሠሩ ሪደሮች እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ድረስ አንዳንድ ማስተካከያዎችን ሲያውኩ ታይተዋል። በ13.56 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩት ያሳዩት ችግር በጣም ያነሰ ነው። አባትዎ መሣሪያው ካለበት ጎን በተቃራኒው እጅ ካርዱን ይዘው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ያስነኩና ወዲያው ይለፉ። ሪደሩን ተደግፈው ወይም አጠገቡ ወንበር አስጠግተው አይቆዩ። በሩን የሚይዘው ማግኔት ሎክም ከደረታቸው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የመሣሪያውን ሞዴል ይዘው ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ደግሞ የበለጠ እርግጠኛ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ካርዴን ሳላውቅ ሰው ሊቀዳው ይችላል?

መልስ፦ አዎ። ከሞገዱ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባውም ይህ ነው። በብዛት የሚሸጠው ርካሹ ታግ (ካርድ ወይም መሰል መለያ) በ125 ኪሎኸርትዝ የሚሠራው ኢኤም4100 ነው። ይህ ቺፕ የሚያናግረው ማን እንደሆነ አያጣራም፤ ኃይል ባገኘ ቁጥር ያንኑ ባለ 40 ቢት ቁጥር ለማንም ይናገራል። በእጅ በሚያዝ መቅጃ ቲ5577 በሚባል ባዶ ታግ ላይ መገልበጡ የሰከንዶች ሥራ ነው።

የባሰው ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ካርዱ ላይ ታትሞ መገኘቱ ነው። ለምሳሌ «0012345678 188,24910» የሚል ካለበት ሁለቱ አንድ ቁጥር ናቸው፤ 188ን በ65536 አባዝተው 24910 ቢደምሩበት 12345678 ይመጣል። ብዙ ሪደሮች በሩን ወደሚከፍተው መቆጣጠሪያ የሚልኩት ይህንኑ ስለሆነ፣ የካርዱን ፎቶ ያገኘ ሰው ካርዱን መንካት እንኳ ሳያስፈልገው ቅጂ ሊሠራ ይችላል። ባጅ አንገት ላይ አንጠልጥሎ የተነሡትን ፎቶ መለጠፍ ስለዚህ አደጋ አለው። ቁጥሩ በወፍራም ተለጣፊ ይሸፈን።

ጥያቄ፦ የእኛ ማይፌር ነው፤ ሻጩ የተመሰጠረ ነው ብሎናል።

መልስ፦ ማይፌር የኤንኤክስፒ ኩባንያ የካርድ ቺፖች መጠሪያ ነው፤ የትኛው ማይፌር? ክላሲክ የሚባለው ክሪፕቶ1 በተሰኘ ባለ 48 ቢት ቁልፍ የሚሠራ ሲሆን ምስጢሩ በ2008 እ.ኤ.አ. በይፋ ተሰብሯል፤ በሆላንድ ናይሜኸን ከተማ የሚገኘው የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድክመቱን በዝርዝር አሳትመዋል። ሌላው የማይፌር ዓይነት፣ ዴስፋየር ኢቪ2 ወይም ኢቪ3፣ ግን ኤኢኤስ የተባለ ባለ 128 ቢት ምስጠራ ይጠቀማል፤ ካርዱና ሪደሩ ቁልፉን ማወቃቸውን እርስ በርስ ይፈትሻሉ፣ ቁልፉ አየር ላይ አይወጣም።

ሆኖም ዴስፋየር ገዝቶ የካርዱን መለያ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሪደር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ገጣጣሚው ከሌላ ቦታ የመጣ ማንኛውንም ካርድ ሪደሩ ላይ አስነክቶ፣ ምንም ሳይጽፍበት መመዝገብ ከቻለ ሥርዓቱ መለያ ቁጥር ብቻ እያየ ነው። የካርዱን ዓይነት ለማወቅ ኤንኤፍሲ (ካርድ በቅርብ የማንበብ ችሎታ) ያለው አንድሮይድ ስልክና ታግኢንፎ የሚባለው የኤንኤክስፒ አፕ ይበቃሉ። ስልኩ ካርዱን ጭራሽ ካላየው ብዙውን ጊዜ ባለ 125 ኪሎኸርትዝ ነው።

ጥያቄ፦ የአፓርታማችን ኮሚቴ የጋራውን በር በካርድ ሊያደርግ ነው። ምን እናስተውል?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚታየው ሪሌው (የበሩን ሎክ ኃይል የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) የት እንዳለ ነው። ሪደሩና ሪሌው በአንድ ሣጥን ውስጥ ሆነው በስተውጭ ከተገጠሙ፣ ሁለት ብሎን የፈታ ሰው ገመዶቹን አገናኝቶ ወይም ቆርጦ ይገባል፤ የካርዱ ምስጠራ ምንም አይረዳም። ውጭ ሪደሩ ብቻ ይሁን፣ መቆጣጠሪያው ወደ ውስጥ ይግባ። በሁለቱ መካከል የሚዘረጋው የተለመደው ዊጋንድ መስመር ቁጥሩን ሳይመሰጥር ነው የሚያስተላልፈው፤ አቅም ካለ ኦኤስዲፒን (መመስጠር የሚችል የመስመር ዘዴ) የሚደግፍ ሪደር ገዝታችሁ የምስጠራ ቅንብሩ እንዲበራ አድርጉ።

280 ኪሎ የሚይዝ ማግኔት ሎክ በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ገደማ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 14 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ያረጀ ባትሪ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል፣ ያኔ በሩ ይከፈታል። ይህ ለእሳት አደጋ ጊዜ መልካም ነው፣ ለሌባም እንዲሁ፤ ስለዚህ ተጨማሪ የሜካኒክ ቁልፍ ይኑር፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። በስተውስጥ የሚደረገው የአደጋ ጊዜ መክፈቻ የማግኔቱን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ በመቆጣጠሪያው በኩል ካለፈ መሣሪያው የተበላሸ ቀን ሰው ታግቶ ይቀራል።

ማግኔቱ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ይደረግ፣ በላዩ ያለው ቀለበት ወደ ፖዘቲቭ። ካልተደረገ ማግኔቱ በጠፋ ቁጥር የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ የሪሌውን ነጥቦች እያቃጠለ ይሄዳል። የብረት በር ወይም ቋሚ ላይ የሚለጠፍ ሪደር ንባቡ ይደክማል፤ ከሥሩ 1 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ማስገባት ይረዳል።

ጥያቄ፦ አሠሪዬ በየበሩ ያለፍኩበትን ሰዓት ይይዛል። ይፈቀድለታል?

መልስ፦ የሚመዘገብበትን ምክንያት፣ ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ የማወቅ መብት አለዎት። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ይጠብቃችኋል። ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ። ለደህንነት ተብሎ የተያዘ የበር መዝገብ በኋላ የሻይ ሰዓት መቁጠሪያ ሲሆን ዝም ማለት አይገባም። በእኔ ግምት ለተራ ቢሮ 90 ቀን ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ቺፕስ? ያለሁበትን ቦታ ያሳብቃል?

መልስ፦ ባትሪም ጂፒኤስም ስለሌለው ከሩቅ አይከታተልም፤ መዝገብ የሚያስቀረው የነካው ሪደር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘው ስሪ ስኩዌር ማርኬት ኩባንያ 50 ለሚሆኑ ፈቃደኛ ሠራተኞቹ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አስቀብሮላቸዋል። የተለመደው መጠን 2 በ12 ሚሊ ሜትር የሆነ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ሊያጋጥሙ የሚችሉት ኢንፌክሽን፣ ከቦታው መንሸራተትና ኤምአርአይ ሲታዘዝ የሚመጣ ጥያቄ ናቸው፤ ከምርመራው በፊት ለባለሙያው መንገር ግድ ነው። በአይጦች ላይ ቺፑ በተቀበረበት ዙሪያ ዕጢ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ በሰው ላይ ይህ አልተረጋገጠም። እኔ አልመክረውም፤ ምስጠራው በተሰበረ ቀን ካርድ ይጣላል፣ ይህ ግን በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። አሠሪ ካስገደደዎት እምቢ ይበሉ፤ ዊስኮንሲን ማስገደድን በሕግ የከለከለችው ገና በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ በፎይል ብጠቀልለው ይጠበቃል?

መልስ፦ ባለ 13.56 ሜጋኸርትዙ አዎ። በ125 ኪሎኸርትዝ ግን የወጥ ቤት ፎይል ስስ ነው፤ ወፈር ያለ የብረት መያዣ ይሻላል። ከገዙ በኋላ ካርዱን ከነመያዣው ሪደሩ ላይ አስነክተው ይፈትሹት፤ በሩ ከተከፈተ መያዣው አይሠራም።