በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲንን (የሻጋታ መርዝን) በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ) ስለመለካት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአራቱ የአፍላቶክሲን ዓይነቶች የቢ2 እና የጂ2 ፒክ (በግራፉ ላይ የሚታየው ጫፍ) ደህና ነው፤ ቢ1 እና ጂ1 ግን በስታንዳርዱም (መጠኑ በሚታወቀው ማነጻጸሪያ) ላይ ሊጠፉ ደርሰዋል። ኮለሙ (ውህዶቹ የሚለያዩበት ቱቦ) ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኮለሙን አይንኩት። ቢ1 እና ጂ1 ውሃ በበዛበት ሞባይል ፌዝ (ናሙናውን በኮለሙ ይዞ የሚያልፈው ፈሳሽ) ውስጥ ፍሎረሰንሳቸው (ዲቴክተሩ የሚለካው፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያወጡት ብርሃን) ይዳከማል። ስለዚህ ከኮለሙ ከወጡ በኋላ በብሮሚን ወይም በ254 ናኖሜትር ብርሃን መለወጥ አለባቸው። ሁለቱ ብቻ ከወረዱ ሥራ ያቆመው ይኸው የመለወጫ ክፍል ነው። የብሮሚን ሴል (ብሮሚኑን በኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ክፍል) የሚጠቀሙ ከሆነ በአንድ ሊትር ሞባይል ፌዝ 119 ሚሊግራም ፖታሲየም ብሮማይድና 350 ማይክሮሊትር ባለ 4 ሞላር ናይትሪክ አሲድ መግባቱን፣ ሴሉም 100 ማይክሮአምፒር ማሳየቱን ያረጋግጡ። አራቱም አንድ ላይ ከወረዱ ግን የዲቴክተሩን መብራት፣ ኢንጀክተሩን ወይም ስታንዳርዱን ይጠርጥሩ። በሲ18 ኮለም የሚወጡበት ተራ ጂ2፣ ጂ1፣ ቢ2፣ ቢ1 ነው።

ጥያቄ፦ ናሙና ላይ የጨመርነው ስታንዳርድ ተመልሶ የሚገኘው 40 በመቶ ብቻ ነው። የምናጣራው በኢሚውኖአፊኒቲ ኮለም (መርዙን በአንቲቦዲ በሚይዝ ማጣሪያ) ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ የሜታኖሉን መጠን ያስሉ፤ ሲበዛ አንቲቦዲው መርዙን መያዝ ያቅተዋል። 25 ግራም በርበሬና 5 ግራም ጨው በ100 ሚ.ሊ. ባለ 70 በመቶ ሜታኖል ይፍጩና ያጥልሉ። ከጥላዩ 10 ሚ.ሊ. ወስደው 60 ሚ.ሊ. ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ፈሳሽ) ሲጨምሩበት ሜታኖሉ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በኮለሙ ውስጥ በሰከንድ ከአንድ ጠብታ በላይ አያሳልፉ። ከዚያ ቀይ ቀለሙ እስኪጠራ በውሃ ይጠቡ። መጨረሻ ላይ ንጹሕ ሜታኖል ሲያስገቡ አንድ ደቂቃ ያህል ኮለሙ ውስጥ ይቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ መርዙም እዚያው ይቀራል። ከ1 እስከ 10 ማይክሮግራም በኪሎ ባለው መጠን ከ70 እስከ 110 በመቶ ከተገኘ ተቀባይነት አለው።

ጥያቄ፦ በጣም የሻገተ ናሙና ለምን ከግምታችን በታች ያነባል?

መልስ፦ የኢሚውኖአፊኒቲ ኮለሙ ሞልቶ ነው። ከላይ ባለው አሠራር ኮለሙ ላይ የሚያልፈው 2.5 ግራም በርበሬ ነው። የኮለሙ አቅም 100 ናኖግራም ከሆነ ከ40 ማይክሮግራም በኪሎ በላይ ያለው ትርፍ አይያዝም፣ ከፈሳሹ ጋር ይወርዳል። ጥላዩን አሥር እጥፍ አቅጥነው ይድገሙት።

ጥያቄ፦ ከአንድ ጆንያ የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ለየቅል ሆኑብን።

መልስ፦ ይጠበቃል። ሻጋታው ጥቂት ዛላዎችን እየመረጠ ያጠቃል፤ መሣሪያው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ይህን አያርመውም። ከጆንያው ከብዙ ቦታ ይውሰዱ፣ የተሰበሰበውን በሙሉ ይፍጩ፣ ደህና አድርገው ያዋሕዱ፣ 25 ግራሙን ከዚያ ይመዝኑ። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የሚፈቅደው ቢ1 5፣ የአራቱ ድምር 10 ማይክሮግራም በኪሎ ስለሆነ የናሙና አወሳሰድ ብቻውን ጭነት ያስመልሳል።

ጥያቄ፦ ኤልሲ ኤምኤስ ኤምኤስ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) እንግዛ?

መልስ፦ ለአፍላቶክሲን ብቻ ከሆነ ፍሎረሰንስ ይበቃል። ኦክራቶክሲንንና ሌሎች የሻጋታ መርዞችንም በአንድ ሩጫ ለማየት ከሆነ ይጠቅማል፤ ግን የበርበሬው ቅባትና ቀለም የቢ1ን ምልክት ያፍናል። በካርቦን 13 (ከባድ በሆነው የካርቦን ዓይነት) የተሠራ ውስጣዊ ስታንዳርድ (ናሙናው ውስጥ የሚገባ ማነጻጸሪያ) ሳይጨምሩ ውጤቱን አይመኑ።