የተማሪ ትራፊክ እንዴት እንጀምር ላልሽው
ሰላም እህቴ፣ ትምህርት ቤታችን አስፋልት ዳር ነው የተማሪ ትራፊክ ልናቋቁም ነው ከየት እንጀምር ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እዚሁ አዳማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ክበቡን የማስተባብረው እኔ ስለሆንኩ የማውቀውን ልበልሽ።

ከፊሽካና ከሰደርያ በፊት አንድ ነገር ይለይላችሁ፣ ልጆቹ የሚያስቆሙት ተማሪን እንጂ መኪናን አይደለም። አንዳንድ ቦታ ግን የ12 ዓመት ልጅ ቁም የሚል ምልክት ይዞ አስፋልት መሃል ሲኖትራክ ፊት ገብቶ ታያለሽ፣ ለፎቶ ያምራል እንጂ በጅቡቲ መንገድ ጭኖ የሚመጣ መኪና ፍሬን ስለያዘ ብቻ እዛው ቀጥ አይልም እኮ። አሜሪካኖቹ ከ1920 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተማሪ ፓትሮል አላቸው፣ እዛም ህጉ ይሄው ነው። ልጁ ከጠርዙ ገባ ብሎ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ጓደኞቹን ይይዛል፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን ይለቃቸዋል፣ በቃ። መኪና ማስቆም የትራፊክ ፖሊስ ስራ ነው። ተረኛ መምህር ደሞ ሁሌ አብሯቸው ይቁም፣ ብቻቸውን እንዳትተዋቸው።

ጠዋት ብቻ እንዳታስቡ። በፈረቃ ከሆናችሁ ጉዱ ያለው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባ ነው፣ ባጃጁ ደሞ እዛው በር ላይ አራግፎ እዛው ይዞራል። እኛን ከምንም በላይ የጠቀመን የባጃጅ ማህበሩን አናግረን ከበሩ ራቅ ብለው እንዲያወርዱ መስማማታችን ነው፣ ከሾፌሮቹም ብዙዎቹ የኛው ተማሪዎች ወላጆች ናቸው።

ምርጫ ላይ ደረጃ የሚወጡትን ብቻ አትሰብስቡ። 7ኛና 8ኛ ክፍል ሆኖ ትንንሾቹ የሚሰሙት ልጅ ይሻላል፣ አንዳንዴ ረባሹ ነው ጎበዝ የሚወጣው (ዩኒት ሊደሩ ባይዋጥለትም)። ወላጅ ይፈርምላቸው፣ ሳምንት በሳምንት ይቀያየሩ፣ አለበለዚያ የመጀመሪያ ፔሬድ እያመለጣቸው ከመምህራን ጋር ትጨቃጨቃላችሁ። ዱላ ግን እንዳትሰጧቸው፣ ሰልፍ እናስይዝ ብለው ይማቱበታል፣ ያስቸገረውን ስሙን ጽፎ ለተረኛው መስጠት ይበቃል።

ሰደርያውን ወተመህ (የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ) ይግዛ። ለስልጠና ለትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሲመጡም ክፍል ውስጥ ብቻ እንዳያልቅ መንገዱ ላይ ወጥተው ያሳዩዋቸው። ዜብራው ከጠፋ የሚመለከተው ይቀባልን ብላችሁ እዛው ደብዳቤው ላይ ጨምሩበት። ማህተም ደሞ እንዳትረሺ፣ አለዚያ ምልልስ ነው የሚሆንብሽ።