ሐይቁ ዳር ነው ወይስ ቅዳሴ? ለአንዲት ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ቦስተን አጠገብ ኮሌጅ እማራለሁ። በዚህ ሴሚስተር በሥነ ጽሑፍ ክፍል የኤመርሰንንና የቶሮን ድርሰቶች እያነበብን ነው። ትራንሰንደንታሊስቶች ይሏቸዋል፤ እውነት በተፈጥሮና በሰው በራሱ ልብ ውስጥ ይገኛል የሚሉ የ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ናቸው። ልቤን ነክተውኛል። እሁድ ጠዋት በባቡር ኮንኮርድ ሄጄ ዋልደን ሐይቅ ዳር ስቀመጥ የማገኘውን ሰላም ቅዳሴ ላይ አላገኘውም። ግእዙ አይገባኝም። ስብከቱም ብዙ ጊዜ ጠብ አይልልኝም። እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ካለ እዚያው ብጸልይ ምን ችግር አለው? መጻሕፍቱን ማንበቡስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከመጨረሻው ልጀምር። ማንበቡ ኃጢአት አይደለም፤ አንብቢ። ግን ጸሐፊው ከየት ተነሥቶ እንደሚናገር እያወቅሽ አንብቢ።

ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን የፓስተር ልጅ ነው። አባቱ ቦስተን ውስጥ ከዩኒቴሪያኖች ወገን ነበር። እነሱ ምሥጢረ ሥላሴን አይቀበሉም። ልጁም በ1829 እዚያው ቦስተን ፓስተር ሆነ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። በ1831 ሚስቱ ኤለን በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ገና 19 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ አገልግሎቱን ለቀቀ። የለቀቀበትን ምክንያት ልብ በይ። በቁርባን የተነሣ ነው። ክርስቶስን በዚህ መንገድ ማሰብ ለእኔ አይስማማኝም፤ ለመተውም ይኸው ይበቃኛል ብሎ ለምእመናኑ በስብከት ነገራቸው። ስለ ተፈጥሮ የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1836 ነው። ጫካው የመጣው ማዕዱ ከቀረ በኋላ ነው።

አልፈርድበትም። እነሱ ዘንድ ኅብስቱና ወይኑ መታሰቢያ ብቻ ነበር። መታሰቢያ ብቻ ከሆነ አንዱ ይስማማኛል፣ ሌላው አይስማማኝም ቢል ምን ይገርማል? እኛ ግን አማናዊ ሥጋውና አማናዊ ደሙ ነው ብለን ነው የምንቀርበው። «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» ብሏልና (ዮሐ. 6፥56)። ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ኤመርሰን ተፈጥሮን ፍለጋ ሲወጣ ስንዴውንና ወይኑን ጥሎ ወጣ። እኛ ጋ እኮ ምድር ራሷ መሠዊያው ላይ ናት። ስንዴው ኅብስት ሆኖ፣ ዘቢቡ ተጨምቆ። በቅዳሴው ልመና፣ በመስተብቍዑም፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንዝ ውሃ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። ግእዙ ስላልገባሽ ይህን ሳትሰሚው አልፈሽ ይሆናል።

አጻጻፉንም እንየው፤ የሳበሽ እሱ ይመስለኛልና። ኤመርሰን መንበሩን ቢለቅም መናገሩን አልተወም። ከተማ ለከተማ እየዞረ ያስተምር ነበር። ሐሳቡን ቀን በቀን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከደብተሩ ንግግር ይሠራል፤ ከንግግሩ ድርሰት ያወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ይቆማል። እንደ ተረትና ምሳሌ ጆሮ ላይ ይቀራል። ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም እዚሁ። በ1841 ያሳተመውን «ራስህን እመን» የሚለውን ቃል ነቅለሽ ስልክሽ ላይ መለጠፍ ትችያለሽ። ለይሉኝታ ብለህ እውነትን አትሽጥ ማለቱ ከሆነ ቃሉ ደግ ነው፤ እኛም በይሉኝታ የታሠርን ብዙ ነን። ነገር ግን ኤመርሰን የሰው ልብ እንደ ቆሰለ አይቆጥርም። ልብህ የሚልህን ተከተል ይላል። ጠቢቡ ደግሞ «በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፥ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» ይላል (ምሳ. 3፥5)። የቆሰለ ልብ ሐኪም እንጂ ጭብጨባ አያድነውም።

በዚያው በመጀመሪያው መጽሐፉ ውስጥ የታወቀ ቦታ አለ። ክፍል ውስጥ አንብባችሁት ይሆናል። ሊመሽ ሲል፣ ሰማዩ ደምኖ፣ በረዶ የቋጠረ ውሃ እየረገጠ ሜዳ ሲያቋርጥ ልቡ በደስታ ይሞላል። ቀጥሎ ጫካ ውስጥ ሆኖ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ዓይን ሆንኩ ይላል። እኔ ምንም አይደለሁም፣ ሁሉን አያለሁ፣ የእግዚአብሔር ቁራጭ ነኝ ይላል። ደስታውን አልጠራጠርም። «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» ብለን የምንዘምር ሰዎች ነን (መዝ. 18)። ፍጡር ግን የፈጣሪ ቁራጭ አይደለም። ሥዕሉን ያየ ሠዓሊውን አመሰገነ እንጂ የሠዓሊው አካል አልሆነም። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ለዚህ የተጻፈ የሚመስል ቃል አለው። «አካል ሁሉ ዓይን ቢሆን መስማት ወዴት በተገኘ?» (1ቆሮ. 12፥17)። እሁድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ብቻሽን ስትቀመጪ ዓይን ነሽ፤ የምታይ ዓይን። እጁስ? እግሩስ? ከጎንሽ ቆማ የምታስነጥሰው እናት፣ የሚያለቅሰው ሕፃን፣ ሥራ ውሎ አድሮ ዓይኑን እያሸ የቆመው ወንድም? እነሱ አካልሽ ናቸው።

ቶሮን ከኤመርሰን ይልቅ እወደዋለሁ። በ1845 ዋልደን ዳር በኤመርሰን መሬት ላይ ትንሽ ቤት ሠራ። 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ፈጀችበት፤ የጣውላውንም የሚስማሩንም ዋጋ አንድ በአንድ ጽፎታል። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ኖረባት። በመሐልም ባርነትን ለሚጠብቅ መንግሥት ግብር አልከፍልም ብሎ አንድ ሌሊት ታስሯል። አጻጻፉ ነገሩን ቀርቦ የሚያይ ነው። የመንደሩ ሰዎች ዋልደን ወደ ታች መጨረሻ የለውም ይሉ ነበር። ቶሮ በብርዱ ወራት ሐይቁን የሸፈነው በረዶ ሳይቀልጥ ወጣ። በረዶውን እየበሳ ድንጋይ ያሰረበትን ገመድ ወደ ታች ሰደደ። ጥልቀቱ 102 ጫማ ሆነ። ከዚያ ስለ ሐይቅ የሚናገር መስሎሽ ስታነቢ ስለ ሰው ጠባይ ሲናገር ታገኚዋለሽ። ሰሙ ሐይቅ፣ ወርቁ ሰው።

ይህ የልጅነቴን አስታወሰኝ። ቅኔ ቤት ሳለን ጠዋት ከመምህራችን ጎጆ ርቀን ጫካ እንገባ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ጥድ ሥር ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ዝምታው ያስፈልጋል። ወፉም ቅጠሉም ቅኔ ይሆናል። ሲመሽ ግን ሁላችንም ተመልሰን መምህሩ ፊት እንቀርባለን። ቀኑን ሙሉ የደከምሁበትን ቅኔ አንዲት ቃል ሰምተው ያፈርሱታል፤ ያቃኑታል። ጫካው ውስጥ ያማረ የመሰለኝ ስንቱ ማታ ፈርሷል! መናንያኑም እንዲሁ ናቸው። ዋልድባ የገባ መነኩሴ አበምኔት አለው፣ ሥርዓት አለው። ጫካ የገባው ራሱን ሊያምን ሳይሆን ራሱን ሊክድ ነው።

ስለዚህ ሐይቁን አልከለክልሽም። ከቅዳሴ በኋላ ሂጂ። ውዳሴ ማርያምሽን ይዘሽ፣ ስልክሽን ዘግተሽ። ቶሮ ገመድ ባይሰድ ጥልቀቱን አያውቅም ነበር። ያንቺ ገመድ ዕለታዊ ጸሎትሽና ጾምሽ ነው። ሰላም የተሰማሽ ቀንም፣ ያልተሰማሽ ቀንም ስደጂው። መጽሐፈ ቅዳሴ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ አለ፤ አንዱን ግዢና ጣትሽን እያስኬድሽ ተከተዪ። ከቅዳሴ በፊት ለሚጸለየው ለኪዳን ድረሺ፤ ዘግይቶ የገባ ሰው ልቡ ሳይሰበሰብ ቅዳሴው ያልቅበታል። ስለ መቁረብ ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ ማኅሌት ላይ እንድትገኚም እፈልጋለሁ። እናንተ ጋ ቅጠሉ የሚቀላበት ወቅት ነው። ሊቃውንቱ አበባዋን እመቤታችን፣ ፍሬዋን ክርስቶስ እያሉ ሌሊቱን ሲያነጉ ትሰሚያለሽ።

ስብከቱ ጠብ አይልልኝም ያልሽው ግን አልቀለለኝም። ኤመርሰን በ1838 ሃርቫርድ ላይ ሲናገር አንድ ሰባኪ ያስታውሳል። ውጭ በረዶ ይወርድ ነበር። በረዶው እውነት ነው፣ ሰባኪው ግን ጥላ ነበር ይላል። ስቆ ያውቅ እንደሆነ፣ አልቅሶ ያውቅ እንደሆነ ከስብከቱ አይታወቅም ይላል። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። ዐውደ ምሕረት ላይ ለምንቆም ሁሉ የተባለ ነው። እንግዲህ ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪውን ጠብቂና በትሕትና ንገሪው። «አባቴ፣ አልገባኝም፤ ደግመው ያስረዱኝ» በይው። እኔንም እንደዚሁ ጠይቂኝ።