የላንድክሩዘሬን የአየር ፓምፕ ባስነቅል ሕግ ይይዘኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የ1985 ሞዴል ላንድክሩዘር አለኝ፤ ያው አገር ቤት የምናውቀው፣ ባለ ካርቡራተሩ። የአየር ፓምፑ ኩሽኔታ አልቆ ይጮኻል። መካኒኬ ቺንጋውን ፈታና «አገር ቤት ያሉት ይኼ የላቸውም፣ ነቅለን ቀዳዳውን እንድፈነው፣ ጉልበትም ይጨምርልሃል» አለኝ። ሜሪላንድ ያለው ጓደኛዬ አስነቅሎ ማንም አልጠየቀውም። መኪናዋ 40 ዓመት አልፏታል፤ ስሞግ፣ ማለትም የግዛቱ የጭስ ምርመራ፣ የሚደርሰኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ባስነቅለው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አያስነቅሉት።

አገር ቤት ያሉት ፓምፕ የላቸውም የሚለውን ልቀበለው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራችው ግን ፓምፑን ይዛ ነው የወጣችው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ይቺው የእርስዎ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ነበራት ብሎ ነው። ፓምፑ አየር ወደ ጭስ መውጫው ይገፋል፣ ሞተሩ ሳያቃጥል የተፋው ቤንዚንና ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያው እንዲቃጠል። የሚበላው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ቢነቀልም ላንድክሩዘር ፌራሪ አይሆንም።

አሁን ወደ ሕጉ። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃ መንቀልንም፣ እንዳይሠራ ማድረግንም ይከለክላል። ስለዚህ «አልነቀልኩትም፣ ቺንጋውን ብቻ ነው የፈታሁት» ማለት አያድንም። ድሮ ሕጉ የሚይዘው ፋብሪካውን፣ መኪና ሻጩንና ጋራዡን ነበር፤ በ1990 ሲሻሻል «ማንኛውም ሰው» ተባለና እርስዎም ገቡበት። ሕጉ ላይ የተጻፈው ቅጣት ለግለሰብ በአንድ መኪና እስከ 2,500 ዶላር ነው፣ በዋጋ ንረት ምክንያት አሁን ከዚያ በላይ ደርሷል። እውነቱን ልንገርዎት ግን፣ ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው ዋሽንግተን ያለው መሥሪያ ቤት የእርስዎን በር አያንኳኳም። እሱ የሚያሳድደው ጋራዦችንና ዕቃ ሻጮችን ነው። እርስዎን የሚይዝዎት ዲኤምቪ፣ የግዛቱ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከስሞግ ነፃ የሆኑት የ1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ናቸው። የእርስዎ 1985 ነው። መኪናዋ 40 ዓመት ሆናት፣ 50 ሆናት፣ መስመሩ አብሯት አይሄድም፣ እዚያው 1975 ላይ ቆሟል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ስሞግ ማለት ጭሱን መለካት ብቻ ይመስለዋል። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ከፋብሪካ የወጡት ዕቃዎች ቦታቸው ላይ መኖራቸውን በዓይኑ ያያል፤ ጭስዎ እንደ ሕፃን ትንፋሽ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ፓምፑ ከሌለ ወደቀች። ሰርተፍኬት ከሌለ ሬጅስትሬሽን አይታደስም። ሬጅስትሬሽኑ ካለፈ ቲኬት አለ፣ ከስድስት ወር በላይ ካለፈ ደግሞ ፖሊስ ሊያስጎትታት ይችላል። ልሽጣት ቢሉም ስሞግ አሳልፎ ማስረከብ የሻጩ ግዴታ ነው።

የሜሪላንዱ ጓደኛዎ ለምን አልተጠየቀም? ሜሪላንድ ከ1996 በፊት የተሠራን መኪና ለጭስ ምርመራ አትጠራም፣ በቃ። የፌዴራሉ ክልከላ እሱንም ይመለከተዋል፣ የሚያይበት ሰው ነው የሌለው።

ስለ መካኒክዎ አንድ ነገር ልበል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋራዥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ሲጨርስም የሠራውን የሚዘረዝር ደረሰኝ መስጠት አለበት። እስቲ «የአየር ፓምፕ ነቅያለሁ ብለህ ጻፍልኝ» ይበሉትና ፊቱን ይዩት። አይጽፍም፤ ምክንያቱም ከእርስዎ ይልቅ እሱን ነው ፈቃዱን የሚያስነጥቀው። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፣ አገር ቤት የተማረውን ነው የነገረዎት።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ፓምፑን ለመጠገን ወይም ለመቀየር ብሎ መፍታት በፌዴራሉ ሕግ አይከለከልም፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ እስከሠራ ድረስ። የካሊፎርኒያ ሕግ ግን ዕቃው ሳይሠራ መኪናዋን መንገድ ላይ መንዳትንም ስለሚከለክል፣ ዕቃው እስኪመጣ ባትነዳ ይሻላል። የታደሰ ወይም አሮጌ መኪና ከሚፈታበት ጃንክያርድ የወጣ ፓምፕ ይበቃዎታል (አሮጌ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ የጭስ ማጣሪያውን፣ ግን እንዳይገዙ፣ እሱ እዚህ ክልክል ነው)። ያዘዙበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ፈልገው ፈልገው በፍጹም ካጡት፣ ስሞግ ሪፈሪ የሚባል የግዛቱ ቢሮ አለ፤ ዕቃው ገበያ ላይ አለመኖሩን ካረጋገጠ ለዚያ ዕቃ ብቻ የተወሰነ ነፃነት ሊሰጥ ይችላል። ነቅሎ ከጣሉ በኋላ ሳይሆን አስቀድመው ይደውሉ።

ገንዘብ ከሆነ ችግሩ፣ ግዛቱ ስሞግ ለወደቀባቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ባለመኪኖች ለጥገና የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ማመልከቻው ሳይፈቀድ ካሠሩ ያወጡት አይመለስም። የጭስ ዕቃዋ የተነካካባት መኪና ደግሞ ተቀባይነት የላትም፤ ዛሬ ፓምፑን ካስነቀሉ ያቺን በር በራስዎ እጅ ዘጓት ማለት ነው።

ከመካኒኩ ጋር ዛሬውኑ ይነጋገሩ። ፓምፑንም ቺንጋውንም እንዳይጥልብዎት።