የልጁ ግንባር ነጭ ሆኖ ሲቀር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የእህቴን የ3 ዓመት ልጅ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁት። ሳቁም ዓይኑም በጣም ደስ ይላል። ግንባሩና አንዱ ጉንጩ ግን ነጭ ሆነው ቀሩ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የደማቁን ክፍል ስላይደር (ሃይላይቱን) እስከ መጨረሻው ባወርደውም ነጩ ግራጫ ሆነ እንጂ የቆዳው ቀለም አልመጣም። ያነሳሁት በጄፔግ ነው። እንዲህ ያለ ሳቅ ደግሞ ድጋሚ የማገኝ አይመስለኝም። ፎቶውን ማዳን ይቻላል?»

መልስ፦ ይቻላል፣ ወንድሜ። ስላይደሩን ግን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ነጩ ቦታ ላይ የተረፈ ነገር መኖሩን እንይ።

ፎቶውን ፎቶሾፕ ላይ ክፈትና «ኢንፎ» የሚለውን ሳጥን አውጣ። ከዚያ ማውሱን ግንባሩ ላይ ውሰደው። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ 3 ቁጥሮች ይወጡልሃል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ነው። 3ቱም 255 ካሉ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልተቀዳም ማለት ነው። ስታጨልመው ግራጫ የሆነብህ ለዚህ ነው። ባዶ ነጭ ቢጨልም ግራጫ ይሆናል እንጂ ቆዳ አይሆንም።

255፣ 236፣ 214 ዓይነት ቁጥር ካየህ ግን ደስ ይበልህ። የሰው ቆዳ ጠይምም ይሁን ቀይ፣ ከ3ቱ ቀለሞች ቀዩ ይበዛበታል። ብርሃን ሲበዛ ቀድሞ የሚሞላውም እሱ ነው። የጉንጩ ቅርጽ አረንጓዴው ውስጥ ገና አለ። ሌየሩን (የፎቶውን ንብርብር) አባዛውና «አፕላይ ኢሜጅ» ውስጥ ገብተህ ቻናሉን፣ ማለትም ከ3ቱ ቀለሞች የምትጠቀምበትን፣ አረንጓዴ አድርገው። የሌየሩን ብሌንድ ሞድ (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ደግሞ «ሉሚኖሲቲ» በለው። ፊቱ በሙሉ ይጠቁርብሃል፣ አትደንግጥ። ጥቁር ማስክ (ሌየሩን የሚደብቅ መሸፈኛ) ጨምርበትና በነጭ ብሩሽ የተቃጠለውን፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት የነጣውን፣ ቦታ ብቻ ቀስ እያልክ ግለጠው። ቅርጹ ይመለሳል። ቀለሙ ቢጫ ቢጫ ካለብህ ሌላ ባዶ ሌየር ክፈትና ሞዱን «ከለር» አድርገህ በአጠገቡ ባለው ቆዳ ቀለም በስሱ ቀባው።

ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ቦታ ዳር ዳሩ እንዲህ ይድናል፣ መሃሉ ግን ባዶ ነው። ያንን በእጅ መሥራት አለብህ።

አዲስ ባዶ ሌየር ክፈትና ሞዱን «ዳርክን» አድርገው። ይህ ሞድ ከመረጥከው ቀለም የሚደምቀውን ብቻ ስለሚነካ ዙሪያውን ያለውን ደህና ቆዳ አያበላሽብህም። ዳሩ የለሰለሰ ትልቅ ብሩሽ ያዝና ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍንነት) 10 በመቶ አድርግ። «አልት»ን ተጭነህ ቀለም ስትወስድ የምትነካው ቦታ ሥራውን በሙሉ ይወስነዋል። ከነጩ ጫፍ ላይ፣ ብርሃኑ ገና መብረድ ከጀመረበት ቆዳ ውሰድ። ከጥላው በኩል ከወሰድክ ግንባሩ ተመትቶ የበለዘ ይመስላል። ሳምፕል ሳይዙንም (ቀለም የሚወሰድበትን ቦታ ስፋት) 5 በ5 ፒክስል አድርገው፤ አንድ ፒክስል ብቻ ከወሰድክ የማይሆን ቀለም ሊገጥምህ ይችላል። ከዚያ በአንዴ ሳይሆን ደጋግመህ ቀባ። ግንባሩ ላይና ጉንጩ ላይ ያለው ቀለም አንድ ስላልሆነ ለእያንዳንዱ ከራሱ ዳር ውሰድ።

የቀባኸው ቦታ ፕላስቲክ ይመስላል። የልጅ ቆዳ ለስላሳ ቢሆንም የካሜራው ደቃቅ ነጠብጣብ ሁሉም ቦታ አለ። አንተ በቀባኸው ላይ ግን የለም። ለሌየሩ ትንሽ «ኖይዝ» ጨምርለት፣ 1 ወይም 2 በመቶ፣ ያለ ቀለም። ፎቶውን 100 በመቶ አጉልተህ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አስተያየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥራ ስጀምር የአንዲት ሕፃን ፎቶ እንዲሁ ተቃጥሎብኝ ነበር። ግንባሯ ላይ፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ ያለውን ነጭ በሙሉ አጠፋሁት። አንድም የተቃጠለ ፒክስል አልቀረም። እናቷ ግን ገና ስታየው «ልጄን አሟት ነበር እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ያጠፋሁት የልጅቷን ወዝ ነው። የልጅ ፊት ወዘናው ሲጠፋ የታመመ ፊት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቀብተህ ስትጨርስ የሌየሩን ኦፓሲቲ ወደ 60 ወይም 70 በመቶ መልሰህ አውርደው። ነጩ በርዶ ወዙ መታየት ሲጀምር አቁም። የአፍንጫውን ጫፍ ተወው። ዓይኑ ውስጥ ያለችውን የመስኮት ነጸብራቅ ደግሞ በፍጹም እንዳትነካት። 255 ብትሆንም ግድ የለም፤ ዓይኑን ሕያው ያደረገችው እሷ ናት።

ለሚቀጥለው ጊዜ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ አንሳ። ካሜራው ጄፔግ ሲሠራ የሚጥለው ብሩህ ክፍል ሮው ውስጥ ይቆያል። አንድ ስቶፕ ያህል (ብርሃኑ እጥፍ ሆኖ) የተቃጠለ ፊት ብዙ ጊዜ በስላይደሩ ብቻ ይመለሳል። ያንተን ፎቶ ምን እንዳቃጠለውም እገምታለሁ። ልጁ መስኮት አጠገብ ነው፣ ከኋላው ያለው ክፍል ግን ጨለማ ነው። ካሜራው ጨለማውን አይቶ ሁሉንም ነገር አደመቀው፣ ፊቱም አብሮ ነጣ። እንዲህ ሲሆን ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን የምትጨምርበትን ወይም የምትቀንስበትን) ከዜሮ በታች በ2/3 ወይም በ1 አውርድ፣ ወይም ስፖት ሚተሪንግ (ብርሃንን ከአንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ መለካት) አድርገህ ብርሃን ያለበት ጉንጩ ላይ ለካ። የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያም ክፈተው። መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ብትጋርድ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። በፍላሽ ስትሠራ ደግሞ ልጅ አንድ ቦታ እንደማይቀመጥ አስብ። ከፍላሹ 2 ሜትር ርቆ የነበረው ልጅ ወደ 1 ሜትር ከመጣ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 4 እጥፍ ይሆናል።

የአሁኑን ፎቶ ስትጨርስ ኦሪጅናሉ ላይ ሴቭ እንዳታደርግ። ዘግተኸው እደርና ጠዋት አሳንሰህ ክፈተው። ዓይንህ መጀመሪያ ግንባሩ ላይ ካረፈ ገና ይቀርሃል። ሳቁ ላይ ካረፈ ግን ለእህትህ ላክላት።